የነቀዘው አጣና

የሳይታችን በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ነበር። ከላይ በነጭ ቀለም «ያለ አደጋ የሠራንበት ቀን» ይላል፤ ከሥሩ በጠመኔ የሚጻፍ ቁጥር አለ። በየማለዳው የጥበቃው አባት የትናንቱን በመዳፋቸው ጠርገው አንድ ጨምረው ይጽፉታል። ቁጥሩ 150 ሲሞላ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 300 ብር ቦነስ እንዲሰጥ አለቆቼን አሳምኜ ያስፈቀድኩትም እኔ ነኝ። 147 ላይ ሲደርስ አንድ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ።

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ሳወራው የኖርኩት ለራሴ በሚመች መንገድ ነው። ለቤተሰቤ «ሳይት ላይ አደጋ ደርሶ ነበር» ብያለሁ። ለጓደኞቼ «አጣና ተሰብሮ ነው» ብያለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኔ ግን የለሁበትም።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ለቡ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያው በ2009 መስከረም ተመርቆ አካባቢው የሚሆነውን ያጣበት ጊዜ ነበር። ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ንፋስ ስልክ ላፍቶ አጣና ለብሶ የቆመ ክፍለ ከተማ ይመስል ነበር። የእኛው ሕንጻ ጂ ፕላስ 9 ነው። እኔ የተማርኩት ማኔጅመንት ሲሆን የሥራ መደቤ የሰው ኃይልና የሥራ ደህንነት ኃላፊ ይባላል። ሠራተኛው «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር፤ አላረምኩትም።

ከሠራተኞቹ መካከል ከጎጃም አብረው የመጡ 11 ሰዎች ነበሩ። ርብራቡን የሚያቆሙትና የሶሌታውን ጣውላ የሚመቱት እነሱ ናቸው። ካቦአቸው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አስራ አንዱ ሀና ማርያም ሁለት ክፍል ተከራይተው አብረው ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ ቅዳሜ ክፍያ ሲወስዱ መቶ መቶ ብር አዋጥተው ዕቁብ ይጥላሉ። እሑድ በታክሲ ሲያልፉ ሠርተው የለቀቁትን ሕንጻ ለእንግዳቸው እያሳዩ «ይቺን እኛ ነን» ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ በየማለዳው አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንም ሳይወጣ በፊት በመዶሻው እጀታ አጣናውን አንድ በአንድ ያንኳኳሉ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የነቀዘው ድፍን ይላል። ድምፁ ያላማራቸውን በከሰል ምልክት ያደርጉበታል፤ ልጆቹም ወዲያው ይነቅሉታል። የእኛ አገር አጣና ከአንድ ሳይት ወደ ሌላ ሳይት የሚዞር ነው። ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ምስማር ተመትቶበት ይነቀላል፣ እንደገና ይመታበታል። ከላይ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። ከማንኳኳቱ በኋላ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ፣ ማን ታች ሆኖ ገመድ እንደሚይዝ ይነጋገራሉ። ሻይ ጠጥተው ይጀምራሉ።

ሰዓት ይዤ ለካሁት። 35 ደቂቃ።

ያን 35 ደቂቃ የባከነ ሰዓት ብዬ መዘገብኩት። ቀጥዬ አስራ አንዱን ሰዎች ለሦስት ከፍዬ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ቀላቀልኳቸው። «ውድድር ሥራን ያፈጥናል» የሚል ነገር አንብቤ ነበርና የእያንዳንዱን ቡድን የቀን ሥራ ቢሮው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ጋሼ መጥተው «ኢንጂነር፣ ልጆቹን ባይበትኗቸው ይሻላል። ሰው እዚያ ላይ ሲሆን ታች ማን እንደቆመ ማወቅ አለበት» አሉኝ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ታች ያለውም ሰው ነው» አልኳቸው። ሥራው በሁለት ሳምንት ፈጠነ። የክፍያ ቀናቸው ስለተለያየ ዕቁባቸው ፈረሰ። ያን የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ ስሰማውም ከሥራ ጋር የሚገናኝ ነገር አልመሰለኝም።

በዚያው ሰሞን ዋናው መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን እርካታ የሚለካ መጠይቅ ላከ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ነው። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ጥያቄውን ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ፎርማኑ አጠገቤ ቆሟል። «በሥራህ ደስተኛ ነህ?» እላለሁ። «ተመስገን!» ይላሉ። «የሚያሳስብህ ነገር አለ?» እላለሁ። «ኧረ ተመስገን!» ይላሉ። 5፣ 5፣ 4፣ 5 እያልኩ ሞላሁት። አማካዩ 4.6 መጣና «የሠራተኛው ሞራል ከፍተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። ተመስገን ማለት ደስ ብሎኛል ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናቴ ታማ ተኝታ ስትጠየቅ የምትለው እሱኑ ነው። ተመስገን ለፈጣሪ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ለአለቃ ሲሰጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ጥያቄ አሳልፈኝ» ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ቁጥር አድርጌ የሸጥኩት።

ሐምሌ ገባ። ማክሰኞ ጠዋት ከጎጃሞቹ አንዱ፣ 24 ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ፣ ወደ እኔ መጣ። አርማታ የሚያቀብሉት ሴቶች ባሬላቸውን አስቀምጠው ቆመዋል፤ ፌራዮዎቹም አሉ። «ኢንጂነር፣ ከሦስተኛው ፎቅ ጥግ ያለችው አጣና ድምጿ ልክ አይደለም» አለ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «ፈርተህ ነው ወይስ ደክሞህ?» አልኩት።

ሳቁ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ያ ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። መዶሻውን ወገቡ ላይ ሻጠና ወጣ።

አገራችን ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት፣ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ ከሥራው የራቀ ሠራተኛ በመራቁ ምክንያት ያልተገባ ነገር እንዳይደርስበት ይከላከላል። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አደጋ እንዳለ እየተነገረው ዝም ያለን አሠሪ ይወቅሳል። ይህን ሁሉ በሥልጠና ተምሬዋለሁ፤ የምስክር ወረቀቱ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድን ሰው በሕዝብ ፊት በአንድ ቃል ማሳፈር ያንን ሁሉ ሕግ እንደሚሽር ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ወይም ተምሬው አልሰማሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አጣና የሚናገር ሰው ፈሪ ወይም ሰነፍ ነው ተብሎ ሳይቱ ውስጥ ተደነገገ። የደነገግኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አጣናዋ ተሰበረች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ልጁ ከጣውላው ጋር ወርዶ የፌሮ ክምር ጎን አሸዋ ላይ አረፈ፤ አሸዋው ነው ያተረፈው። በፒክአፕ ጭነን ወሰድነው። ዳሌውና የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ ነበር።

በዚያ ሳምንት ከሱ ጋር ይሠሩ ከነበሩት አንዱን ለብቻው ጠርቼ «አጣናዋ መጥፎ እንደሆነች ታውቁ ነበር?» አልኩት። «እናውቅ ነበር» አለኝ። «ለምን ዝም አላችሁ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ሦስት ቀን ነበር የቀረን፤ ማን ነው የሰዉን ሁሉ ሦስት መቶ ብር የሚያስቀር?» አለ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኛ ሳይት ዝም ሲባል የነቀዘው አጣናው ነበር።

የጥበቃው አባት በማግስቱ ጠመኔውን ይዘው መጥተው «ዛሬስ ምን ልጻፍ?» ሲሉኝ ሰሌዳውን አውርዱት አልኳቸው። ሰሌዳው በወረደ ሳምንት ፋሻና አልኮል ለመጠየቅ ወደ ቢሮዬ የመጣው ሰው 9 ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ወራት የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ ባሬላ ተሸካሚ የእጇ ጥፍር ተነቅሎ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አስራ ሁለት ቀን ሠርታበታለች። ምስማር የረገጠ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ውሎ ማታ ቤቱ ነበር የሚያጥበው። 147 ቀን አደጋ ያልደረሰበት ቀን ነው ብዬ ኮርቼበታለሁ። አደጋ ያልተነገረበት ቀን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልመጣ። የአደጋ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96፣ በኋላ የተካው 1156/2011ም እንደዚሁ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ለሥራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዚህ ተጠያቂነት የሚያወጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሠራተኛው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ሳይከተል ሲቀር ነው። ሳይቱ ላይ የተለጠፈ መመሪያ ነበር፤ «ከፍታ ላይ የሚሠራ ሁሉ የደህንነት ቀበቶ ያድርግ» ይላል። ቀበቶዎቹ አራት ነበሩ፤ ስቶር ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ ለማውጣት ፎርም ይሞላል። ልጁ ቀበቶ አላደረገም ነበር። «ሠራተኛው ግልጽ የደህንነት መመሪያ በመጣሱ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም እንዲህ ብለህ ጻፍ አላለኝም። አለቆቼ ምን ማንበብ እንደሚፈልጉ አውቄ ነው። ማክሰኞ ስለ አጣናዋ እንደነገረኝ አልጻፍኩም።

በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ለሕክምናው መጀመሪያ ከተከፈለው ሌላ ያገኘው ነገር አልነበረም። ጋሼና ልጆቹ ግን እኔ ያፈረስኩትን ዕቁብ መልሰው አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ሳይጥሉ ለእሱ ሰጡት። ሁለተኛውንም። ይህን የነገረኝ የጥበቃው አባት ናቸው። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ደስ ስላላቸው ነው የነገሩኝ።

ከዚያ ሥራ በዓመቱ ለቀቅኩ። አሁን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ምን እንዳደረግኩ ለማወቅ ግን ማንበብ ጀመርኩ፤ እያነበብኩ በሄድኩ ቁጥር የራሴን ሳይት እያየሁ ነበር።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ በ1951 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ ስለ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የጻፉት ነው። ባምፎርዝ ራሱ ማዕድን ቆፋሪ የነበረ ሰው ነው። በድሮው አሠራር ቆፋሪዎቹ በሁለት በሦስት ሆነው፣ እርስ በርስ ተመራርጠው፣ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ይዘው ይሠሩ ነበር። ከጓደኛሞቹ አንዱ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ሌላው ቤተሰቡን እስከ ማገዝ ይደርሳል። ከዚያ አዲስ መሣሪያ መጣ፤ ረጅም የቁፋሮ መስመር ተዘረጋ፤ አርባ ሃምሳ ሰው በፈረቃና በየሥራ ዓይነቱ ተከፋፈለ። መሬት ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ማን አጠገቡ እንዳለ የማያውቅ ሰው ሆነ። ከሥራ መቅረት፣ መጠራጠር፣ ጥፋትን ወደ ቀጣዩ ፈረቃ መግፋት ተከተለ። ይህን ሳነብ ጽሑፉን ዘግቼ ወጣሁ። ያ 35 ደቂቃ ምን እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አጣናው ብቻ አልነበረም የሚንኳኳው፤ እነዚያ ሰዎች በየማለዳው እርስ በርሳቸውም ይደማመጡ ነበር።

ኤሚ ኤድመንድሰን ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት ስህተትን ስታጠና በደንብ የሚሠሩት ቡድኖች ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው። የተመዘገበው ስህተት በነሱ ዘንድ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ እነዚያ ክፍሎች ውስጥ ስህተትን መናገር የማያስፈራ መሆኑ ነበር፤ ሌሎቹ ይደብቃሉ። እኔ ዜሮን ሳከብር የሸለምኩት መደበቅን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጄኒፈር ናርጋንግና ባልደረቦቿ ከግንባታ፣ ከሕክምና፣ ከትራንስፖርትና ከፋብሪካ የተሰበሰቡ 203 የጥናት ናሙናዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ የሠራተኛውን መዛልም ሆነ ትጋት እንዲሁም የአደጋውን ነገር፣ ሥራን ከሚያግዙ ነገሮች ሁሉ በላይ ሳይዋዥቅ የሚያስረዳው በዙሪያው ያለው ድጋፍ ሆኖ አገኙት። ለበዓል በግ አርደንላቸው ነበር። ቅዳሜ ለስላሳ እናጠጣ ነበር። ድጋፍ የምለው ያንን ነበር።

ዊልያም ካን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው ራሱን ለሥራው የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲኖረው ነው ይላል፤ ሥራው ትርጉም ሲኖረው፣ እንደ ራሱ ሆኖ ቢናገር እንደማይጎዳ ሲያምን፣ ለሥራው የሚሆን ጉልበትና ቀልብ ሲተርፈው። እኔ ከመድረሴ በፊት አስራ አንዱ ሰዎች ሦስቱም ነበሯቸው። «ይቺን እኛ ነን» ይሉ ነበር። ለጋሼ ያሻቸውን ይነግሯቸው ነበር። ዕቁባቸው ከቤት ኪራይ ጭንቀት ያሳርፋቸው ነበር። አደገኛ ሥራ ሰውን ደስተኛ አያደርግም ብዬ አስብ ስለነበር ደስታቸውን አጠገቤ ቆሞ አላወቅኩትም። ከመጠይቁ ፈለግኩት።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለማርያም ክብረ በዓል ምእመናን በተሰበሰቡበት፣ በምንጃር አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዜናውን የሰማሁት ማታ ነው። ተደራርቦ የወደቀውን አጣና በስልኬ ሳይ ተነሥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ምን ሰዓት እንደገባሁ አላውቅም። በዚያው ሳምንት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ የጻፍኩትን ሪፖርት ጭምር ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ቀኖና ስጠብቅ «ሰውየው በሕይወት አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኩ። «እንግዲያስ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂድ፤ ከዚያ ተመልሰህ ና» አሉኝ።

ያገኘሁት በጥበቃው አባት በኩል ነው። ጀሞ አንድ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንጻ ጥበቃ ሆኗል። ሚስት አግብቷል፤ ሴት ልጅ አለችው። ሲራመድ ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ዱላ ይዟል። ከሩቅ አይቶ «ኢንጂነር!» ብሎ ተነሣ። እንዲህ ስለ ተነሣልኝ ወዲያው መናገር አቃተኝ። ከሕንጻው ጥግ ካለችው ሴትዮ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ነገርኩት፤ ማክሰኞ በሰው ፊት ያልኩትን፣ ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩትን፣ የተውኩትን። እውነቱን ጽፌና ፈርሜ ያመጣሁትን ወረቀት ሰጠሁት። አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ የክስ ጊዜው አልፏል እንዳለኝም አልደበቅኩትም፤ በየወሩ ልሰጠው ስላሰብኩትም ነገርኩት። ወረቀቱን ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ስቄ ነበር እኮ» አለኝ፣ «ያን ቀን። ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ለምን ሳቅኩ እላለሁ።»

«አንተ ጥፋት የለብህም» አልኩት።

«ጥፋት አላልኩም። ለምን ሳቅኩ ነው ያልኩት።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ልጆች ኳስ እየመቱ በመሃላችን አለፉ፤ አንዱን በስሙ ጠርቶ ወደ መኪና መንገድ እንዳይሄድ አስጠነቀቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አለኝ።

«ጠይቀኝ፣ ወንድሜ።»

«ያቺ አጣና የመጣችው ከሌሎች ጋር ነው፤ በአንድ መኪና ነው የተራገፉት፣ ሰኔ ላይ። እኔ ከወደቅኩ በኋላ የቀሩትን ያንኳኳቸው ሰው ነበር?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ንስሐ አባቴም አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

«አልነበረም» አልኩት። «ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰው አወጣሁባቸው። ሶሌታው ሰኞ ሊሞላ ነበር።»

ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አቆመው።

«እነማንን?» አለኝ።

ስማቸውን ነገርኩት።